ያላለቀሰ ሁሉ በርትቷል?

ከከባድ አደጋ የተረፈን ሰው ሊጠይቅ የሚመጣ ሁሉ ሳያስበው ይመዝነዋል። እንቅልፍ አጥቶ የሚያድረው፣ በር ሲንኳኳ የሚደነብረው፣ ያየውን ደጋግሞ እያወራ የሚያለቅሰው «ልቡ አልቻለም» ይባላል። እንባ ያላወጣው፣ የአደጋው ነገር ሲነሳ ወሬ የሚያስቀይረው ደግሞ «ጎበዝ፣ ቻለው» ተብሎ ይመሰገናል። ይህ ሚዛን የተገለበጠ ነው፤ ጉዳቱም እርዳታ የሚያሻውን ሰው ከዓይናችን መሰወሩ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1995 በአሜሪካ፣ ኦክላሆማ ሲቲ የሚገኝ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በቦምብ ሲፈርስ 168 ሰዎች ሞቱ። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ካሮል ኖርዝና ባልደረቦቿ ከፍንዳታው የተረፉ 182 ጎልማሶችን መርምረው፣ 34 በመቶው ፒቲኤስዲ የተባለው ከአደጋ በኋላ የሚመጣ የጭንቀት ሕመም እንዳለባቸው አረጋገጡ። ከቁጥሩ ይበልጥ የሚያስተምረው የምልክቶቹ ነገር ነው። መባነን፣ ቅዠት፣ ያዩት ነገር ዓይን ላይ መመላለሱ በሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ታይቷል፤ ለብቻው ሲሆን ግን ኑሮንና ሥራን ከማሰናከል ጋር እምብዛም አልተያያዘም። ከዚያ ባነሱ ሰዎች ላይ የታየው ሽሽትና መደንዘዝ ነው ሕመሙን ያጋለጠው። ቦታውንም ወሬውንም መሸሽ፣ ይወዱት የነበረውን ሁሉ መተው፣ ከሰው መራቅ። ልጁ ሮጦ መጥቶ አንገቱ ላይ ሲጠመጠምበት ምንም የማይሰማው አባት ከእነዚህ ወገን ነው። የሽሽትና የመደንዘዝን መስፈርት ካሟሉት 94 በመቶው ሙሉው ሕመም ነበረባቸው። «ቻለው» የምንለው ሰው አንዳንዴ ይኸው ነው።

«ሰው እንደ ተፈጥሮው ነው፤ ደካማው ይሰበራል፣ ጠንካራው ይቆማል» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአውስትራሊያ ከተነሳው የሰደድ እሳት በኋላ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሌክሳንደር ማክፋርሌን 469 የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሲያጠና፣ በእሳቱ ውስጥ ከደረሰባቸው ይልቅ ቶሎ የሚጨነቅ ባሕርይና የቀድሞ የአእምሮ ሕክምና ታሪክ ሕመሙን ይበልጥ እንደሚያመለክቱ አይቷል። ነገር ግን ባሕርዩ የተለካው ከእሳቱ በኋላ ነበር፤ የታመመ ሰው ደግሞ ሲጠየቅ ጭንቀታም ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ከአደጋው በፊትም በኋላም የተለካ ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዚላንድ 185 ሰዎች ከሞቱበት የክራይስትቸርች ርእደ መሬት ነው። በአደጋው አካባቢ የነበሩ ሰዎች ባሕርይ በአብዛኛው እንደነበረ ቀጥሏል፤ ትንሽ የቀነሰው የመንፈስ መረጋጋታቸው ነው። ስለዚህ «ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ» ብሎ ተስፋ መቁረጥም ስሕተት ነው። ሰውየው ያው ነው፤ የመጣበት ሕመም ነው፣ ሕመሙም ይታከማል።

«እንግዲያው ዝም ያለውን እናናግረው፣ ያውጣው» ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። በብሪታንያ በእሳት የተቃጠሉ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ብዙም ሳይቆይ ስለ አደጋው በዝርዝር እንዲናገሩ ተደርጎ ነበር። ከ13 ወራት በኋላ ፒቲኤስዲ የተገኘው እንዲናገሩ ከተደረጉት በ26 በመቶው፣ ካልተደረጉት ግን በ9 በመቶው ላይ ነው። ከተናጋሪዎቹ መካከል መጀመሪያውኑ ክፉኛ የተጎዱት ይበዙ እንደነበር አጥኚዎቹ ራሳቸው ገልጸዋል፤ ያም ሆኖ ማናገሩ እንደጠቀመ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ቁስል በግድ አይነካካም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያስፈልገው ምግብ፣ መጠለያ፣ የጠፋ ዘመድ ፍለጋና አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው። ሊያወራ ከፈለገ አድምጡት፤ ካልፈለገ አታስጨንቁት። ወር አልፎ ከሰው እየሸሸ፣ ሥራውንም ቤቱንም እየተወ ከሄደ ግን «በርትቷል» ብላችሁ አትለፉት፤ አብራችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ።