ብር በስልክ፦ ሰው የሚያመነታው ለምንድን ነው?

ከሰመራ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ዲቾቶ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ማረፊያ ናት። የመኪናው ባለቤት አዲስ አበባ ወይም አዳማ ሆኖ የመንገድ ወጪ በስልክ ይልካል፤ ሹፌሩም ከዚያው ነዳጅ ይቀዳበታል። ፍየል ሊሸጥ ገበያ የወጣ አርብቶ አደር ግን ጥሬ ብሩን ቆጥሮ መቀበል ይመርጣል።

ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን ለምን እንደሚቀበል ሲጠና ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ፍሬድ ዴቪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት ወሳኞቹ «ይጠቅመኛል» እና «አይከብደኝም» የሚሉት ሁለት እምነቶች ናቸው ብሏል። በእኛ አገር ሦስተኛ ይጨመርበታል፦ «ቢበላሽስ ማን ይመልስልኛል?»

ጥቅሙን መንግሥት በግድም ቢሆን አሳይቷል። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባንክ ላልሆኑ ድርጅቶች የሞባይል ገንዘብ አገልግሎትን በር ከፈተ። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ሥራ ጀመሩ። ከግንቦት 2015 አንስቶ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ ሲወሰን ሹፌሩ ምርጫ አልነበረውም።

ቅለቱ ላይ ችግር አለ። የቴሌብር *127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ዝርዝሩን ማንበብ ግን ግድ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ስልኩን ለባለሱቁ ልጅ ይሰጣል፤ የሚስጥር ቁጥሩንም አብሮ ይነግረዋል። ከቅለቱ ሌላ፣ ወለድን በሃይማኖቱ ምክንያት ለሚሸሽ ሰው የባንኩ ዓይነት ራሱ ጥያቄ ነው፤ ዘምዘምን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች የተከፈቱት ለዚህ ነው።

ከባዱ ግን መተማመን ነው። በመጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ በርካታ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ እስከ መለጠፍ ደረሰ። ባንኩ ገንዘቡን የሚያሳድድበት አቅም አለው። «ተቆርጧል፣ አልደረሰም» የሚባል አንድ ደንበኛ ግን ኔትወርክ እስኪመለስ ይጠብቃል፣ ከዚያም ቅርንጫፍ ይመላለሳል።

ስለዚህ ብዙ ሰው ብሩ እንደገባለት ወዲያው ያወጣዋል። ግዴታ ሰውን ተጠቃሚ ያደርገዋል፤ ገንዘቡን እዚያው እንዲያስቀምጥ ግን አያደርገውም። ለዚያ በዲቾቶ ጥሬ ብር የማያልቅበት ወኪል፣ በአፋርኛ የሚመልስ ሰው፣ የጠፋ ብር የሚመለስበት የታወቀ ቀን ያስፈልጋል።