ኤግዚቢት

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጠበቃ ቢሮ የሚመጣ ሰው ወይ ሰው ታስሮበታል ወይ ቤቱ በሐራጅ ሊሸጥበት ነው። በዚያ ሙቀት ለሌላ ጉዳይ ከጥላ የሚወጣ የለም። ስለዚህ የቀድሞ ጎረቤታችን የሆኑ እናት ነጠላቸውን እያራገቡ ከዚራ ካለችው ቢሮዬ ሲገቡ እጄ ሳላስበው ወደ ዋስትና ማመልከቻው ሄደ።

«ልጄ ካደብኝ» አሉ። «አንተን ይሰማሃል፤ ምከርልኝ።»

ልጁን አውቀዋለሁ። 27 ዓመቱ ነው፣ ምሕንድስና ተምሯል፣ ከሰው ጋር ሲጣላ አይቼው አላውቅም። ነገሩን ሳጣራ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። በርጫ ላይ አንዱ ጓደኛው «አንተ ግን ፈጣሪ አለ ትላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እሱም «አላውቅም አቦ» ይላል። ይቺ «አላውቅም» ከመጋላ ተነሥታ የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ እናትየው ጆሮ ስትደርስ «የለም» ሆናለች። የሰሚ ሰሚ ቃል ለምን በጥርጣሬ እንደሚታይ ለጀማሪ ጠበቃ ማስረዳት ካለብኝ ሌላ ምሳሌ አልፈልግም።

«አላውቅም»ን እኔ በሙያዬ አከብራታለሁ። አንድ ጊዜ በድንበር ክርክር የቀረበ ምስክራችን ሁሉንም አየሁ አለ፤ ማታ፣ ከግንብ ማዶ፣ ሰዎቹ የተነጋገሩትን ጭምር። በመስቀለኛ ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ «ይህንን አላየሁም» ቢል መዝገቡ ይተርፍ ነበር። አላለም፤ ተረታን። አላውቅም የሚል ምስክር ሲያጋጥመኝ ደግሞ ሌላው ቃሉ ላይ ያለኝ እምነት ይጨምራል።

እንግሊዛዊው ቶማስ ሃክስሊ በ1869 እ.ኤ.አ. ለዚህ አቋም «አግኖስቲክ» የሚል ስም አወጣለት። እኛ ጋ የዕለት ተዕለት ቃል አላገኘም፤ ያለን አማኝና ከሓዲ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከድሬዳዋ ነዋሪ 71 በመቶ ገደማ ሙስሊም፣ 26 በመቶ ገደማ ኦርቶዶክስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የቀረውን ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክና ሌሎች ተካፍለውታል። ያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ይህ ልጅም በእናቱ ዓምድ ገብቶ ተቆጥሯል።

እናትየውን የጎዳቸው ግን ቃሉ ብቻ አይደለም። ልጁ የስለት ልጅ ነው። በትዳር ሰባት ዓመት ቆይተው አልወልድ ሲሉ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ፤ በዓመቱ አረገዙ። የመጀመሪያውን ታኅሣሥ 19 ልጁን አዝለው፣ ጃንጥላውን ይዘው በደንገጎ በኩል ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ካሳነፁት ጊዜ አንሥቶ ያ ቤተ ክርስቲያን የስንቱን ምስክርነት ተቀብሏል! በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በታኅሣሥና በሐምሌ 19፣ ጃንጥላውም፣ ጧፉም፣ ወርቁም፣ በሬውም ሲገባ እያንዳንዱ ዕቃ «ደረሰልኝ» የሚል ቃል ይዞ ነው። የእኚህ እናት ማስረጃ ግን ከጃንጥላም ይበልጣል፤ ቁጭ ብሎ ምሳ ይበላል። ለእሳቸውም እንዳልኳቸው፣ እንደ ዐቃቤ ሕግ ብናገር ልጁ ራሱ ኤግዚቢት ነው። ኤግዚቢቱ ተነሥቶ «እኔ የምን ማስረጃ እንደሆንኩ አላውቅም» ሲል ምን ይባላል?

እዚህ ላይ የፈጸምኩትን ጥፋት ልናገር። ያጽናናኛል ብለው የመጡበትን ሰው ሙያው ያዘው። «ሐኪም ቤት አልሄዱም ነበር?» አልኳቸው። ሄደዋል። «መድኃኒት ሰጥተዋችሁ ነበር?» ሰጥተዋል። «ከስለቱ በፊት ነው በኋላ?» ትንሽ አሰቡና «በዚያው ሰሞን» አሉ። «በዚያው ሰሞን የተሳለች ሌላ ሴት ያውቃሉ?»

«አዎ። ጎረቤቴ። እስላም ናት፤ ግን አብረን ነው የተሳልነው።»

«ወለደች?»

መልስ አልሰጡኝም። የነጠላቸውን ጥለት በሁለት ጣት ይዘው ከዳር እስከ ዳር አስተካከሉት፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ። ከዚያ «ቡናህ ቀዘቀዘ» ብለውኝ ተነሡ። በችሎት ቢሆን ያቺ ጥያቄ መዝገብ ታዘጋ ነበር። በቢሮዬ ግን ባዶ ወንበር ነው የቀረኝ፤ ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ፋይል አልከፈትኩም።

ጥያቄዋ የእኔ ፈጠራም አይደለችም። ሮማዊው ሲሴሮ ስለ ግሪኩ ዲያጎራስ የተረከው አለ፤ ከባሕር ማዕበል የተረፉ ሰዎች ለአማልክት ያስገቡትን የስለት ሥዕል አሳይተው «አማልክት ለሰው እንደሚያስቡ አላየህም?» ሲሉት፣ ተስለው የሰጠሙት ሥዕል የት አለ እንደማለት መለሰላቸው። ይህን ያነበብኩት ተማሪ ሳለሁ ነው። የገባኝ ግን በዚሁ ከተማ፣ ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ከሞላ በኋላ ነው።

ያ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። ዝናቡ የዘነበው ደጋው ላይ ነበር፤ ታች ያለው ሰው ተኝቶ ነው ውኃው የደረሰበት። ሬሳቸው ያልተገኘ ብዙዎች ናቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱ በፍርድ እንዲታወጅ መጠየቅን ስለሚፈቅድ፣ ከጊዜ በኋላ እንዲህ ያለ መዝገብ እኔም ይዤ ነበር። አንዲት ምስክር ቀረበች። ምላ ከጨረሰች በኋላ፣ ውኃው በር ሰብሮ እንደገባ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንዴት እንደወጣች ተናገረች፤ «ገብርኤል በእጁ ስቦ አወጣኝ» አለች። ዳኛው በጨዋ ድምፅ «ያየሽውን ብቻ ንገሪን» አሏት። ጸሐፊው የጻፈውን አንብቤዋለሁ፦ «ምስክሯ ጣሪያ ላይ ወጥታ ተርፋለች።» ገብርኤል ከመዝገቡ ወጣ። አመልካቿ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ የጠፋው ባሏ ነው። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «እኛም እኮ ጠርተን ነበር» አለችኝ።

ያንን ቃል ማንም አልመዘገበውም፤ ይኸው እኔ እየጻፍኩት ነው።

ታዲያ ጸሐፊው ልክ ነበር? ለችሎት፣ አዎ። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ «በዚህ ምክንያት ነው» የሚለው የፈራጅ ሥራ ነው። ሴትየዋ ግን ውሸት አልተናገረችም። እጅ እንደያዛት ተሰምቷታል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ብትመታም ያ ስሜት አይነቀልም። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1902 እ.ኤ.አ. ስለ ሃይማኖታዊ ልምድ በጻፈው መጽሐፉ ከዚህ አይርቅም፤ እንዲህ ያለ ልምድ ለደረሰበት ሰው ሙሉ ሥልጣን አለው፣ በውጭ ያለውን ግን ሳይመረምር እንዲቀበል አያስገድደውም ይላል። ጠበቃ ሆኖ የሚያነበው ሰው ብይን የሚያነብ ይመስለዋል።

ልጁ በሳምንቱ ራሱ መጣ። ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ኤግዚቢት ሆኜ መኖር ደከመኝ» አለኝ። እናቱ ነግረውታል ማለት ነው፤ ቃሉ የእኔ ነዋ። «የግል ልምድ ማስረጃ አይደለም» ብሎ ጀመረ። ይሄን አልተቀበልኩትም። ሕጋችን ማስረጃን የሚመዝነው በምስክር ብዛት አይደለም፤ በአንድ ታማኝ የዓይን ምስክር ሰው ወኅኒ ይወርዳል። «ያ ምስክር ያየው ሌባውን ነው፤ እናቴ ያየችው እርግዝናውን ነው፤ የሰጠውን አላየችም» አለኝ። ጥሩ ጠበቃ ይወጣው ነበር።

ውዝፍ ኪራይ ሊከራከሩ የመጡ አንድ ሐጂ ጥግ ተቀምጠው ይሰሙን ነበር። ፈቃድ ሳይጠይቁ ገቡበት። አል-ገዛሊ የሚባል ዓሊም ነበር አሉ፤ በባግዳድ ትልቁን የማስተማር ሥልጣን ይዞ ሳለ ልቡ ታወከ፣ ምላሱ ተሳስሮ ማስተማር አቃተው፣ በመጨረሻ ጥሎ ወጣ። (ታሪኩ እውነት ነው፤ በ1095 እ.ኤ.አ. ነው።) «እሱ ምን አለ? የስካርን ትርጉም ማወቅና መስከር አንድ አይደለም። የታመመ ሐኪም ጤና ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፤ ጤናው ግን የለውም። ዘውቅ ይሉታል፣ መቅመስ። እናትህ ቀምሳለች። አንተ አልቀመስክም። ያልቀመሰ ሰው አላውቅም ቢል፣ ወላሂ፣ ምን ነውር አለው?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም የሐጂውን መዝገብ በነፃ ልይዝላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እናትየው ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» አሉኝ ስለ ልጃቸው። ስለ ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ነገርኳቸው። በሱስንዮስ ዘመን ተከሶ፣ ትንሽ ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ ሸሽቶ፣ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ። ሐተታ የተባለው ጽሑፉ እንደሚነግረን እዚያው ዋሻ ውስጥ እየጸለየ ሳለ ነው፣ የምጸልየው ለማን ነው፣ የሚሰማኝስ አለ ወይ ብሎ ራሱን የጠየቀው። ጠይቆም መጸለዩን አልተወም፤ በኋላም በራሱ መንገድ ፈጣሪ አለ ወደሚል ደረሰ። ጠበቃ ነኝና መቃወሚያ የቀረበበትን ሰነድ ንጹሕ አስመስዬ አላልፍም፤ ኮንቲ ሮሲኒ የሚባል ምሁር በ1920 እ.ኤ.አ. ጽሑፉ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ሚሲዮናዊ የፈጠረው ነው ብሎ ተከራክሯል፣ ሌላው ምሁር ክሎድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ መልሷል፣ ክርክሩም አልተዘጋም። እናትየው ይሄ ሁሉ አልገረማቸውም። «ዋሻ ውስጥ ምን ይበላ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው፤ ሳቁ። ከተጣላን የመጀመሪያው ሳቅ ነበር።

በዚያ ሰሞን ቀፊራ ገበያ ከጎረቤታቸው ጋር ተገናኘን፤ አብረው ከተሳሉት፣ ካልወለዱት። የሎሚ ክምር ፊት ለፊታቸው ነበር። ዘንድሮም ታኅሣሥ 19 ቁልቢ እንደሚወጡ ነገሩኝ። 28 ዓመት ሙሉ አንድም አልቀሩም። እንደ ጠበቃ ሳይሆን እንደ ሰው ልጠይቅ ሞከርኩ፤ እርስዎ የለመኑትን ሳያገኙ ለምን ይሄዳሉ አልኳቸው።

ሎሚውን ከክምሩ እየመረጡ ወደ ፌስታሌ ከተቱ።

«እሷ ጉልበቷን ያማታል አቦ» አሉኝ። «ያን ዳገት ለብቻዋ ትውጣ?»