ተጠየቅ በትራፊክ ችሎት

በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪው ኩታውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን ጨብጦ ባላጋራውን «ተጠየቅ!» ይለው ነበር። ለአንድ ስንዝር ድንበር ዓመታት ችሎት የሚመላለስ ባላገር ብርቅ አልነበረም። የዚያ ባላገር የልጅ ልጅ ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ታክሲ ወይም ትራክ ይነዳል። ቲኬት ሲቆረጥበት ግን ሙግት ትዝ አይለውም፤ «አንድ ቀን ሥራ ከምፈታ» ብሎ ከፍሎ ይገላገላል። መክፈል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ነው። ገንዘቡ ይረሳል፤ መዝገቡ ይቀራል።

ሁሉም ቲኬት አንድ አይደለም። ዲሲ ውስጥ ካሜራ አንስቶ በፖስታ የሚልከው ቅጣት ለመኪናው ባለቤት የሚጻፍ ነው፤ የጥፋት ነጥብ (ፖይንት) የለውም። ፖሊስ አስቁሞ የሚሰጠው ግን የሾፌሩን መዝገብ ይነካል። ፖይንት ሲጠራቀም ኢንሹራንስ ይወደዳል፤ ሜሪላንድ ውስጥ 8 ፖይንት መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል፣ 12 ፖይንት ያሰርዛል። ፖሊሱ «ፈርም» ሲል አለመፈረም አጉል ጀብድ ነው፤ ፊርማው የቀጠሮ ቃል እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቨርጂኒያ ላይ ነው። እዚያ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የመንገዱ ገደብ ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ፣ በግዴለሽነት በመንዳት ይከሰሳል። 70 ማይል በተፈቀደበት ጎዳና በ86 መሄድ በቂ ነው። ይህ ተራ ቅጣት ሳይሆን እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። በሾፌሩ መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል።

ከባዱ ክስ ጠጥቶ ማሽከርከር ነው፤ ወገኖቻችን በተለምዶ «ዲዩአይ» የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የፌዴራል ሕግ በደም ውስጥ የሚፈቀደውን የአልኮል ገደብ 0.08 በመቶ ያላደረገ ግዛት የመንገድ ገንዘቡ እንደሚቀነስበት ስላስጠነቀቀ፣ እስከ 2004 ሁሉም ተቀበሉት። ዩታ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ወደ 0.05 አውርዳዋለች። የንግድ መንጃ ፈቃድ (ሲዲኤል) ይዞ ትራክ ለሚነዳ ገደቡ 0.04 ነው፤ ሜሪላንድም ከ0.07 ጀምሮ ቀለል ያለ ሌላ ክስ አላት። መኪናው መንቀሳቀሱም ግዴታ አይደለም፤ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 እንደወሰነው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ ቁልፉን ሰክቶ መሪው ኋላ የተቀመጠ ሰክሮ የተገኘ ሰው ሊከሰስ ይችላል።

የቢራ ጠርሙስ ላይ የአልኮል መጠኑ ተጽፏል፤ ብርሌ ጠጅ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ሰውነት በሰዓት የሚያጠራው በአማካይ 0.015 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያፋጥነውም። ከሠርግ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገብቶ ጠዋት 1 ሰዓት ሥራ የሚወጣ ሰው ጠጁን አብሮት ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሕጉ በአልኮል ብቻም አይወሰንም፤ የሐኪም መድኃኒትም ቢሆን መንዳትን ካወከ ያስከስሳል። የጫት ዋና ንጥረ ነገር ካቲኖን ደግሞ በፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ተርታ ነው።

ጠበቃው ችሎት ሲቆም የሚያነሳው የጥንቱን ተጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አስቆምከው?» የሚል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ አንድን መኪና በዘፈቀደ ማስቆም እንደማይችል ወስኗል። በ1990 ግን ሁሉም የሚያልፍበትን የስካር መቆጣጠሪያ ኬላ ፈቅዷል፤ በ1996 ደግሞ ትንሽ የትራፊክ ጥፋት እስካለ ድረስ የፖሊሱ ስውር ዓላማ ማስቆሙን አያፈርሰውም ብሏል። ስለዚህ ትንሽ የትራፊክ ጥፋትም ብትሆን ብዙውን ጊዜ የሙግቱን የመጀመሪያ በር ትዘጋዋለች።

ሁለተኛው «ምን አየህ?» ነው። የመንገድ ዳር ፈተናዎቹ ሦስት ናቸው፤ በዓይን ብዕር መከተል፣ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ 9 እርምጃ ሄዶ መመለስ፣ በአንድ እግር መቆም። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ በጥድፊያ ሲነገር ያልገባው ሰው የሰከረ ሊመስል ይችላል፤ የጉልበት ሕመም፣ ዕድሜና ጫማም እንዲሁ። ቪዲዮው ካለ ጠበቃው አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሦስተኛው «መሣሪያህ ይታመናል?» ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የራዳሩ የፍተሻ ማስረጃ ከስድስት ወር በላይ ያረጀ መሆን የለበትም። የትንፋሽ መለኪያውም ቢሆን ሰውየው አስቀድሞ ለተወሰኑ ደቂቃዎች በዓይን መጠበቁንና መሣሪያው መስተካከሉን ይጠይቃል። ደም ለመውሰድ እንደ ደንቡ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ከእስር በኋላ ለሚደረግ የትንፋሽ ምርመራ ግን ማዘዣ አያስፈልግም ብሏል። ቨርጂኒያ ውስጥ ከታሰሩ በኋላ ያለ በቂ ምክንያት «አልተነፍስም» ማለት ለመጀመሪያ ጊዜም ቢሆን መንጃ ፈቃድን ለአንድ ዓመት ያሳጣል፤ በዲዩአዩ ክስ ነጻ መውጣትም ይህን እገዳ አያስቀርም።

ክሱ በአንድ ችሎትም አያበቃም። ሲዲኤል ያለው ሰው በገዛ የቤት መኪናው ጠጥቶ ቢፈረድበት እንኳ ትራክ ከመንዳት ለአንድ ዓመት ይታገዳል፤ ሁለተኛው በመርሕ ደረጃ የዕድሜ ልክ ነው። ዜግነት ላላገኘ ሰው ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት የሚፈጸም ጠጥቶ መንዳት ከአገር ለማባረር ምክንያት የሚሆን «የኃይል ወንጀል» እንዳልሆነ ወስኗል፤ በ2019 ግን የአገሪቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ከመባረር ምሕረት የሚጠይቅ ሰው ሁለት የዲዩአይ ፍርድ ካለበት መልካም ሥነ ምግባር እንደጎደለው ይገመታል ብለዋል። ሜሪላንድ ውስጥ «ፍርዱ ተነሳልህ» የሚባልበት የአመክሮ ውሳኔም ጥፋትን አምነው ከተቀበሉት በኢሚግሬሽን ዓይን ፍርድ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ከ2010 ወዲህ የወንጀል ጠበቃ የጥፋተኝነት ቃል ማባረርን የሚያስከትል ከሆነ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት፤ ካልነገራችሁ እናንተ ጠይቁት።

እስር ሊፈረድበት የሚችል ድሃ ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ በወንጀል ችሎትም የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠየቃል። ቨርጂኒያ ውስጥ በታችኛው ፍርድ ቤት የተረታ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ ከላይ እንደ አዲስ ይሰማለታል። ቲኬት የደረሳችሁ ወረቀቱን ከፊትም ከጀርባም አንብቡት፤ የቀጠሮውን ቀን መዝግቡ፤ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ብርሌ ያነሳችሁ ዕለት ግን ቁልፉን ላልጠጣ ሰው ስጡ።