የጀሞ ንጣፍ ድንጋይ ድምፅ

የማዕድን ቅርስ ሲነሣ አብዛኞቻችን የአዶላን ወርቅ ወይም የዳሎልን ፖታሽ እናስባለን። ይሁንና በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል የምንረግጠው ኮብልስቶንም ከመሬት ተፈልፍሎ የወጣ የማዕድን ሥራ ውጤት ነው። በአካባቢው የሚታዩት የፉሪና የወጨጫ ተራሮች ከሚሊዮን ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ናቸው። በአዲስ አበባም እንዲህ ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለግንባታ ውሏል።

እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ የኮብልስቶን ሥራ በከተሞቻችን ሲስፋፋ፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃንን ጨምሮ በርካታ ወጣቶች መዶሻ ጨብጠዋል። መንገዱ ዛሬም አለ፤ የጠራቢዎቹን የእጅ ዕውቀት በጽሑፍ ብቻ መያዝ ግን አይቻልም።

ጠራቢ የድንጋይን ጤንነት በጆሮው ይለያል። ድንጋይ ሲመታ በውስጡ የድምፅ ሞገድ ይጓዛል። ስንጥቅ ከሌለበት ሞገዱ ሳይሰናከል ስለሚመላለስ ድንጋዩ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ስንጥቅ ካለበት ግን ጉልበቱ ስለሚበተን ድምፁ ይታፈናል።

ይህን ለማስቀረት ምስልና ድምፅ ይደጋገፋሉ። በሰከንድ 25 ምስሎች የሚያነሣ ካሜራ በየ40 ሚሊሰከንዱ አንድ ምስል ብቻ ይወስዳል፤ ስለዚህ የመዶሻው ንክኪ ሊያመልጠው ይችላል። በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ መቅረጫ ግን በአንዲት ሚሊሰከንድ ውስጥ 48 ጊዜ ይመዘግባል። ምስሉ የእጁን አያያዝ፣ ድምፁ ደግሞ የድንጋዩን መልስ ያሳየናል።

በዓለም ላይ ተመሳሳይ ጥረት ተደርጓል። ሂዩ ትሬሲ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞችን ጭፈራ የሚያሳይ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳትሟል፤ በ1954ም የአፍሪካ ሙዚቃ ቤተ መዛግብት አቋቁሟል። በዚያ መጽሐፍ ሠራተኛው ተመልካች ፊት የሚጨፍር ሆኖ ይታያል፤ የሚናገረው ስለ እርሱ ሌላ ሰው ነው።

በጀሞ ቢሠራ የተሻለው መንገድ መቅረጫውን ለነዋሪው መስጠት ነው። ቀድሞ ድንጋይ የጠረበ አባት መዶሻውን ያንሣ፤ ተማሪው ይቅረጽ፤ የትኛው ድምፅ ይቅር፣ የትኛው ይውጣ የሚለውን ባለሙያው ይወስን። ሲሊካ ያለበት አቧራ ሳንባን እንደሚጎዳ ስለምናውቅ፣ የሥራው ድካምና ሕመምም ከመዶሻው ምት ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። የተጠናቀቀውም ሥራ ከማንም አስቀድሞ ለጀሞ ነዋሪዎች፣ በዚያው ንጣፍ ላይ ይታይ።