ሰብልን ከአረም በብርሃን የሚለየው ቴክኖሎጂና አሠራሩ

አረም ከሰብል ጋር ውኃ፣ ንጥረ ነገርና የፀሐይ ብርሃን እየተሻማ ምርትን ይቀንሳል። በተለመደው አሠራር ፀረ-አረም ኬሚካል የሚረጨው አረም ባለበትም በሌለበትም የማሳው ክፍል በመሆኑ አምራቹ አላስፈላጊ ወጪ ያወጣል፤ አፈርና ውኃም ለብክለት ይጋለጣሉ። ይህን ለማቃለል ከተቀየሱት ዘዴዎች አንዱ አረምን በብርሃን መለየት ነው።

ዘዴው በቅጠል ተፈጥሮ ላይ የተመሠረተ ነው። በቅጠል ውስጥ የሚገኘው ክሎሮፊል አብዛኛውን ቀይ ብርሃን ስለሚወስድ ተመልሶ የሚንጸባረቀው ጥቂት ነው። በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ግን ቅጠሉ በብዛት ያንጸባርቀዋል። በባዶ አፈር ላይ የሁለቱ ልዩነት አነስተኛ ነው። ሴንሰሩ የሁለቱን መጠን በማነጻጸር ቅጠልን ከአፈር በቅጽበት ይለይና የመርጫውን አፍንጫ ይከፍታል።

ይሁንና ሰብሉ ከበቀለ በኋላ ሰብሉም አረሙም አረንጓዴ በመሆናቸው ይህ ብቻውን አይበቃም። በመሆኑም የቅጠሉን ቅርጽ፣ መጠንና ከመስመሩ ያለውን ርቀት የሚመረምሩ ካሜራዎችና በብዙ ፎቶግራፎች የሠለጠኑ ኮምፒዩተሮች ሥራ ላይ ውለዋል። በዚህ መስክ የሚታወቀው የካሊፎርኒያው ብሉ ሪቨር ቴክኖሎጂ እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2017 ጆን ዲር የተባለው የእርሻ መሣሪያዎች አምራች በ305 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ኩባንያው በ2022 በበቆሎ፣ በአኩሪ አተርና በጥጥ ማሳ ውስጥ አረምን ለይቶ የሚረጭ መሣሪያ አስተዋውቋል።

ቴክኖሎጂው ውስንነቶችም አሉት። ቅጠሎች ሲደራረቡ ወይም አቧራ ሲሸፍናቸው ስህተት ይፈጠራል። በኢትዮጵያ የስንዴ ማሳ የሚታወቀው ሲናር ገና በቡቃያነቱ ከስንዴ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በብተና በተዘራ ጤፍም መስመርን መለያ ማድረግ አይቻልም። የማሽላና የበቆሎ ጠላት የሆነው አቀንጭራ ደግሞ ሥር ላይ ተጣብቆ ጉዳቱን በአብዛኛው የሚያደርሰው ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት በመሆኑ ካሜራው የሚደርስበት ዘግይቶ ነው።

ስለሆነም መሣሪያውን ለመግዛት ወይም ለመሞከር የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ከዋጋው አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይኖርበታል፦ መሣሪያው በየትኞቹ ሰብሎችና አረሞች ፎቶግራፍ እንደሠለጠነ፣ ማሳው በመስመር የተዘራ መሆኑንና ብልሽት ሲያጋጥም ጥገናውን በቅርበት የሚያከናውን ባለሙያ መኖሩን። እነዚህ ባልተሟሉበት ሁኔታ ግን የሚታሰበው የኬሚካል ቁጠባ ለመሣሪያው የሚወጣውን ወጪ ላይሸፍን ይችላል።