ስልክ ርቀትን በምን ይለካል?

በጨለማ የሚጠራችሁ ሰው ድምፁ ጎላ ካለ ቅርብ፣ ከሳሳ ሩቅ ነው ትላላችሁ። በጋቢ ተከናንቦ ከአጠገባችሁ ቢጠራችሁስ? የራቀ ይመስላችኋል። በብሉቱዝ የሚገናኙ ስልኮችም ለዓመታት ርቀትን ሲገምቱ የኖሩት በዚሁ መንገድ፣ በሚደርሳቸው ሞገድ ጉልበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ዓለምን ሲያስጨንቅ በዚህ ግምት ላይ ከባድ ኃላፊነት ተጣለበት። በመጋቢት ወር ሲንጋፖር ትሬስቱጌዘር የተባለውን ፕሮግራም ሥራ ላይ አዋለች፤ አፕልና ጎግልም ተመሳሳይ ዘዴ አወጡ። ዓላማው በሽተኛ አጠገብ ለቆየ ሰው ማስጠንቀቂያ ማድረስ ነበር።

ነገር ግን የብሉቱዝ ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ ገደማ ሲሆን የሰው ገላ በቀላሉ ይውጠዋል። ገላችን አብዛኛው ውሃ ነውና! ስልኩን በኋላ ኪሱ የያዘ ሰው ከፊታችሁ አንድ ሜትር ላይ ቢቆም እንኳ የራቀ ይመስላል። ብረት ደግሞ ሞገዱን እያንጸባረቀ ግምቱን ያምታታዋል። በደብሊን የትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ዳግላስ ሊዝና ስቲቨን ፋረል በዚያው ዓመት በከተማ ባቡር ውስጥ ለተሳፋሪዎች ስልክ አስይዘው ለኩ። ጉልበቱና ርቀቱ እምብዛም አልተገናኙም። የስዊዘርላንድና የጀርመን መመዘኛ በዚህ ልኬት ላይ ሲሞከር አንድም ማስጠንቀቂያ አልሰጠም። የጣልያኑ ከቅርቦቹ ግማሹን አገኘ፤ ከሩቆቹም ግማሹን በከንቱ አስጠነቀቀ። ይህ ከዕጣ በምን ይለያል? በከንቱ የተነገረው ሰው ከሥራው ይቀራል፤ ያልተነገረው ደግሞ አያቱን ሊጠይቅ ይሄዳል።

የተሻለው መንገድ ጉልበትን ትቶ ጊዜን መለካት ነው። የራዲዮ ሞገድ በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። አንዱ መሣሪያ ይልካል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ሌላው ለመመለስ የወሰደበት ጊዜ ተቀንሶ የቀረው ለሁለት ሲካፈል ርቀቱ ይገኛል። በ10 ናኖ ሰከንድ ብቻ የተሳሳተ ሰዓት ታዲያ 1.5 ሜትር ያስታል። በ2019 የወጣው አይፎን 11 ለዚህ የሚሆን፣ እጅግ አጭር የሞገድ ምት የሚልክ ቺፕ ይዞ መጣ። ገላ እዚህም ያውካል፤ ቀጥተኛው ሞገድ ከታገደ በግድግዳ ነጥሮ የመጣው ረጅም መንገድ ይለካልና። ቢሆንም ስህተቱ ከቀድሞው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ብሉቱዝ ራሱም በ2024 በወጣው 6.0 ደረጃው፣ በብዙ ድግግሞሾች የሞገዱን ምዕራፍ እያነጻጸረ ርቀት የሚለካበትን ዘዴ አክሏል። ይህን የሚሠሩት ግን ዘዴው የተገጠመላቸው አዳዲስ መሣሪያዎች ብቻ ናቸው፤ በብዙዎቻችን ኪስ ያለው ስልክ ዛሬም በጉልበት ይገምታል።