የቡሃቃው ክዳን

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ባዮሎጂ ሳስተምር ለዓመታት የሰጠሁት አሳይመንት መጨረሻው ያው ነበር። ተማሪው ከኮፒ ቤት ሃንዳውት ገልብጦ ያስረክባል፤ እኔ አርሜ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ወረቀቱ ቢሮዬ ጥግ አቧራ ይጠጣል። ያ ሁሉ ድካም ለአንድ አንባቢ ብቻ መሆኑ ያንገበግበኝ ነበር።

አሁን የምንሠራው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ኦፕንስታክስ የተባለ አሳታሚ ባዘጋጀው የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው። የወጣው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በመሆኑ ማባዛትም፣ መተርጎምም፣ ማሻሻልም ይቻላል። አንዱ በፍላሽ ካመጣው ክፍሉ ሁሉ በስልኩ ይይዘዋል። አሳይመንቱም ተለወጠ፦ አንድ ገጽ ምረጡና ቤታችሁ በምታውቁት ነገር እንደገና ጻፉት፤ የሚቀጥለው ባች ይማርበታል።

መጽሐፉ ስለ ፈርመንቴሽን ሲያስረዳ የወይን ጠጅ መጥመቂያ ጋን ያሳያል፤ ጋዙ ታምቆ እንዳይቀር ማስተንፈሻ ተገጥሞለታል። አንዲት ተማሪዬ ጋኑን አውጥታ የእናቷን ቡሃቃ አስገባች። ስልክ ደውላ «እማዬ፣ ክዳኑን ለምን አታጠብቂውም?» ብትላት፣ «ሊጡ ሲነሳ ይገፋዋላ፣ ልጄ!» አለቻት። የሚገፋው እርሾው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት የሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ምጣድ ላይ የእንጀራውን ዓይን የሚያወጣውም እሱ ነው። ይህን በሁለት አንቀጽ ጻፈችው። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ እንዲህ አጥርቼ አስረድቼው አላውቅም።

ገጹ ላይ ግን የመጽሐፉ ስም አልነበረም። ስጠይቃት «ቲቸር፣ ነጻ ነው ብለውን የለ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ «ነጻ» የሚለው ቃላችን ዋጋ አለመክፈልንም ባለቤት ማጣትንም ያስመስላል። ፈቃዱ ግን በግልጽ የሚጠይቀው ነገር አለ፦ የሠራውን ሰው ጥቀስ፣ የለወጥከውን ተናገር። ያን ዕለት ትምህርቱን አቁሜ ስለዚህ ብቻ ተነጋገርን። ጽሑፉ የእሷ ስለሆነ ለሌላ ባች እንዲተላለፍ መፍቀድ ወይም መከልከል የእሷ መብት እንደሆነም ነገርኳት። የከለከሉ ተማሪዎች አሉኝ፤ ነጥባቸው አይነካም።

እሷ ፈቀደች። ዘንድሮ ያንኑ ገጽ የተረከበ ልጅ «ሊጡ ስንት ቀን ይቆያል?» የሚለው እንደጎደለ አስተዋለ። እሱ ያደገው ቆላ፣ እሷ ደጋ ነው፤ ሙቀት የረቂቅ ሕዋሳቱን ሥራ እንደሚያፋጥን ጠቅሶ የሁለቱን ቤት ልዩነት በሦስት መስመር ጨመረና ከስሟ ሥር ስሙን ጻፈ።